የስኩን ድንጋይና የፈርዖን ልጅ፦ የስኮትላንድ ነገሥታት እንዴት ይነግሡ ነበር?

ብራናው (ክሩን የከፈተ)

ለረጅም ጊዜ ሳነብበው የቆየሁትን አንድ ጉዳይ ለውይይት ላቅርብ። ይኸውም የስኮትላንድ ነገሥታት በምን ሥርዓት ይነግሡ እንደነበረና በንግሣቸው ዙሪያ የሚነገሩት አፈ ታሪኮች ከወዴት እንደመጡ ነው። በዚህ ክር የምንጠቅሳቸው ዓመታትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ከሁሉ ይበልጥ የታወቀው ድንጋዩ ነው። ክብደቱ 152 ኪሎ ግራም የሚሆን፣ በሁለት ጫፎቹ የብረት ቀለበት የተሰካበት፣ ይህ ነው የሚባል ጌጥ የሌለው የአሸዋ ድንጋይ ነው። መንገድ ላይ ቢያገኙት የፈረሰ ቤት የማዕዘን ድንጋይ ነው ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። በፐርዝ ከተማ አጠገብ በሚገኘው በስኩን ገዳም ተቀምጦ ሳለ የስኮትላንድ ነገሥታት በላዩ ተቀምጠው ይነግሡ ነበር። በ1296 የእንግሊዙ ንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ አገሪቱን በወረረ ጊዜ ድንጋዩን ወደ ለንደን አስጭኖ ወሰደው፤ ከመቀመጫው በታች ድንጋዩን የሚይዝ የእንጨት ዙፋንም አሠርቶ በዌስትሚንስተር አኖረው። ከዚያ በኋላ የእንግሊዝ ነገሥታት ዘውድ የሚጭኑት በዚያ ዙፋን ላይ ሆነ።

አፈ ታሪኩ ደግሞ እንዲህ ይላል። ድንጋዩ ያዕቆብ በቤቴል ተንተርሶት የተኛው፣ መላእክትም በመሰላሉ ሲወጡና ሲወርዱ ያየበት ነው። ስኮታ የምትባል የፈርዖን ልጅና ጌይተሎስ የተባለው የግሪክ ንጉሥ ልጅ ባሏ ከግብፅ ወደ ምዕራብ ሲሰደዱ ይዘውት ወጡ፤ በእስፓንያ ሰነበተ፤ ከዘራቸው አንዱ ወደ አየርላንድ አሻግሮ በታራ ኮረብታ አኖረው፤ ፈርጉስ የተባለው ንጉሥ ወደ ስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ አመጣው፤ በ9ኛው መቶ ዘመንም ኬኔት ማክአልፒን ወደ ስኩን አዛወረው። የአገሪቱ ስም ራሱ ከስኮታ የወጣ ነው ይባላል።

እኔ ይህን ታሪክ ሽማግሌዎች እሳት ዳር የሚያወጉት ተረት አድርጎ መመልከት ስሕተት ነው ባይ ነኝ። ታሪኩ የሙግት ቃል ነው። በ1299 የሮማው ፓፓ ቦኒፋስ 8ኛ ስኮትላንድ የእንግሊዝ ግዛት አይደለችም ብለው ለኤድዋርድ ጻፉ። ኤድዋርድ በ1301 ሲመልስ ብሩተስ ከሚባል የትሮይ ሰው ጀመረ፦ ብሩተስ ደሴቲቱን ለሦስት ልጆቹ አካፈለ፤ እንግሊዝ ለታላቁ ለሎክሪነስ፣ ስኮትላንድ ለአልባናክተስ፣ ዌልስ ለካምበር ደረሰች፤ የበላይነቱ ግን የታላቅየው ነው። ስኮትላንዳውያን ባልድሬድ ቢሴት የተባለ የሕግ ሊቅ ጠበቃ አድርገው ወደ ፓፓው ችሎት ላኩ። ቢሴትም የእኛ ዘር ከብሩተስ አይደለም፤ የፈርዖን ልጅ ስኮታ ብዙ ሠራዊት ይዛ መጥታ ምድሩን ያዘች፤ የንግሥ መንበሩንም ይዛው መጣች፤ ኤድዋርድ በጉልበት የወሰደው እርሱን ነው ሲል ተከራከረ። እንግዲህ አንዱ ወገን ከትሮይ ሲቆጥር ሌላው ከግብፅ ቆጠረ ማለት ነው። ስኮታና ድንጋዩ በአንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ የተገናኙት ድንጋዩ ከተዘረፈ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በችሎት ፊት መሆኑን ልብ በሉልኝ።

ቀንዲል

ጋሽ ብራናው፣ አቀራረብዎን አደንቃለሁ፤ ነገር ግን መደምደሚያዎን እንዳለ መቀበል አልችልም። ስኮታ ለ1301 ችሎት የተፈጠረች ከሆነ ከዚያ በፊት በ52 ዓመት በስኩን ምን ትሠራ ነበር?

በሐምሌ 13 ቀን 1249 አሌክሳንደር 3ኛ ሲነግሥ ስምንት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነበር። ጆን ፎርዱን የተባለው ዜና መዋዕል ጸሐፊ የተረከልንን ላስታውስዎ። መጀመሪያ በመኳንንቱ መካከል ጠብ ተነሣ። በአላን ዱርዋርድ የሚመራው ወገን ልጁ ከመንገሡ በፊት የፈረሰኛነት ሰይፍ ሊታጠቅ ይገባል፤ ዕለቱም ገደ ቢስ የሆነ «የግብፅ ቀን» ነው ሲል ተከራከረ። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ ሥራ የማይጀመርባቸው ቀናት በዚያ ስም ይጠሩ ነበር። የሜንቲዝ ባላባት ዋልተር ኮሚን ግን እኔ ፈረሰኛ ሳይሆን የነገሠ ንጉሥ አይቻለሁ፤ ንጉሥ የሌላት አገር በማዕበል መካከል መቅዘፊያና ቀዛፊ እንደሌላት መርከብ ናት አለና ረታ። ዱርዋርድ የፈለገው በገዛ እጁ ሰይፍ አስታጥቆ ባለውለታ ለመሆን እንጂ የቀኑ ነገር እንዳላስጨነቀው ፎርዱን ራሱ ሳይሸሽግ ይናገራል።

ከዚያም ሕፃኑን ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ውጭ አውጥተው፣ በቅጽሩ ውስጥ ከቆመው መስቀል ሥር፣ ወርቀ ዘቦ ሐር በለበሰው መንበር ላይ አስቀመጡት። የሴንት አንድሩስ ጳጳስ ባረከው። መኳንንቱ በእግሩ ሥር እየተንበረከኩ ሳሉ አንድ የደጋ ሽማግሌ ድንገት ከሕዝቡ መካከል ወጣና በመንበሩ ፊት ተንበርክኮ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ በገዛ ቋንቋው በጌይሊክ «የአልባን (የስኮትላንድ) ንጉሥ» ብሎ ሰላምታ ሰጠው። ቀጥሎም አሌክሳንደር የአሌክሳንደር ልጅ፣ የዊልያም ልጅ፣ የሄንሪ ልጅ፣ የዴቪድ ልጅ እያለ ሳያቋርጥ ወደ ኋላ ቆጠረ፤ ቆጥሮም ቆጥሮም እስከ ጌይተሎስ፣ እስከ ስኮታ የፈርዖን ልጅ ድረስ አደረሰው።

እንግዲህ የዘር ቆጠራው የሥርዓቱ አንድ ክፍል ነበር። በዚያን ጊዜ እንግሊዝም አልወረረች፤ ችሎትም አልተሰየመም።

ጠርጣሪው

ቀንዲል ለጠቀሱት አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ፎርዱን የጻፈው በ14ኛው መቶ ዘመን ማብቂያ አካባቢ ነው፤ ማለትም ከ1249 አንድ መቶ ዓመት በላይ ዘግይቶ፣ ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ካደረገችው የነጻነት ጦርነትም በኋላ። ሽማግሌው የቆጠረውን የሰማው ሰው አልነበረም።

ብራናው

ቀንዲል ትክክል ናቸው፤ አነጋገሬን ማረም አለብኝ። ከስኮታ የሚጀምረው የትውልድ ቆጠራ በአየርላንድ መነኮሳት መጻሕፍት ውስጥ ቢያንስ ከ11ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ይገኛል፤ ስለዚህ በ1249 በስኩን መሰማቱ የሚያስገርም አይደለም፤ የጠርጣሪውም ጥርጣሬ ይህን አያፈርሰውም። እኔ አዲስ ነው የምለው ሌላ ነገር ነው፦ ድንጋዩ በስኮታ እጅ መግባቱ። በዘር ቆጠራ ላይ ያለች እናት አንድ ነገር ናት፤ የንግሥ መንበር ተሸክማ የምትመጣ እናት ግን የባለቤትነት ማስረጃ ናት። የተሰረቀ ንብረት ከማን እጅ እንደወጣ ለማሳየት የመጀመሪያውን ባለቤት በስም መጥራት ያስፈልጋል።

በ1320 የስኮትላንድ ባላባቶች ለፓፓው በላኩት በታወቀው የአርብሮዝ ደብዳቤ ደግሞ ስኮታ ከነጭራሹ የለችም። ሕዝቡ ከታላቂቱ ስኪቲያ ተነሥቶ፣ በእስፓንያ ሰንብቶ፣ እስራኤል ቀይ ባሕርን ከተሻገረ ከ1,200 ዓመት በኋላ ወደዚህ ምድር መጣ፤ ከራሱ ዘር ብቻ የወጡ፣ ባዕድ ያልገባባቸው 113 ነገሥታት ነገሡበት ይላል። ጸሐፊው ግብፅን ለምን እንደተዋት አልጻፈልንም። ለእኔ እንደሚመስለኝ ግን ለፓፓ ሲጻፍ ከፈርዖን ልጅ ይልቅ እስራኤልን መጥቀስ ይሻላል። ያው እንግዲህ እንደ ዳኛው ነው።

ደብተራው

ይቅርታ አድርጉልኝና ስለ ቅብዐ ቅዱሱ ማንም አላነሣም። በእኛ ልማድ ያልተቀባ ንጉሥ ነገሠ አይባልምና የስኮትላንድ ነገሥታት ይቀቡ ነበር ወይስ አይቀቡም ነበር?

ቀንዲል

አባቴ፣ ጥያቄዎ የነገሩን ሥር የሚነካ ነው። እስከ 1329 ድረስ አይቀቡም ነበር፤ እንደ እንግሊዝና እንደ ፈረንሳይ ነገሥታት ሊቀ ጳጳስ ዘውድ ጭኖላቸው አልነበረም የሚነግሡት። ዋናው ነገር በመንበሩ ላይ መቀመጥ ነበር፤ አሁንም ሊቃውንቱ በዚያ ዘመን ስለነበረው ሥርዓት ሲጽፉ «ዘውድ መጫን» ከማለት «በመንበር መቀመጥ» ማለትን ይመርጣሉ። ነገሥታቱ ከ13ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ ቅብዐቱ እንዲፈቀድላቸው ወደ ሮማ ሲልኩ የእንግሊዝ ነገሥታት ይከላከሉ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የተቀባ ንጉሥ ከእግዚአብሔር በቀር የበላይ አለው ማለት ያስቸግራልና።

ፓፓ ዮሐንስ 22ኛ በመጨረሻ የፈቀዱበት ደብዳቤ የተጻፈው ሰኔ 13 ቀን 1329 ነው። ለዚህ የታገለው የስኮትላንድ ንጉሥ ሮበርት ብሩስ የሞተው ደግሞ ሰኔ 7 ቀን ነው። ስድስት ቀን! በቅብዐቱ የመጀመሪያ ተጠቃሚ የሆነው ልጁ ዴቪድ 2ኛ ሲሆን በኅዳር 24 ቀን 1331 በስኩን ሲቀባ ዕድሜው ሰባት ዓመት ነበር።

ደብተራው

እግዚአብሔር ይስጥልን። ታዲያ ከ1329 በፊት የሃይማኖት አባት በንግሡ ውስጥ ምንም ድርሻ አልነበረውም ማለት ነውን? በአዮና ደሴት ገዳም የነበረው ቅዱስ ኮሉምባ ንጉሥ እንዳነገሠ አንብቤ ነበርና።

ሰብለ ዘኤዲንብራ

የኮሉምባን ነገር እኔ ልመልስ፤ ባለፈው ዓመት ወደ አዮና ደሴት በጀልባ ስሻገር ያነበብኩት ስለሆነ ከአእምሮዬ አልጠፋም።

የቅዱሱን ገድል የጻፈው አዳምናን የተባለው የአዮና አበምኔት ነው፤ ያረፈውም በ704 ነው። እንደ እርሱ አተራረክ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ዳርቻ የነበረው የዳል ርያዳ መንግሥት ንጉሥ በ574 በሞተ ጊዜ ኮሉምባ ኢዮጋን የተባለውን እንዲነግሥ ይወድ ነበር። አንድ ሌሊት የእግዚአብሔር መልአክ በእጁ የመስተዋት መጽሐፍ ይዞ ተገለጠለት። በመጽሐፉ የነገሥታት ሹመት ተጽፎበታል፤ ኮሉምባም ሲያነብበው የኢዮጋንን ወንድም ኤይዳንን እንዲያነግሥ ታዝዞ አገኘ። ከውዴታው የተነሣ እንቢ አለ። መልአኩ እጁን ዘርግቶ በጅራፍ ገረፈው፤ ጠባሳውም በጎኑ ላይ ዕድሜ ልኩን ሳይጠፋ ቀረ። መልአኩ ሦስት ሌሊት ተመላለሰ፤ በመጨረሻ ኮሉምባ ኤይዳንን ወደ አዮና አስመጥቶ እጁን በራሱ ላይ ጭኖ ባረከው፤ ስለ ልጆቹም ትንቢት ተናገረ።

እኔ ይህን ገድል ስወድደው በሌላ ምክንያት ነው። አብዛኛው የቅዱሳን ገድል ቅዱሱ ሲያሸንፍ ያሳያል፤ በዚህኛው ቅዱሱ ተገርፎ ይታዘዛል። ይሁንና የጋሽ ብራናውን ሐሳብ የሚደግፍ መሆኑንም መሸሸግ አልችልም። ታሪኩን የጻፈው የአዮና አበምኔት ነው፤ ለአዮና የሚጠቅመውም፣ ንጉሥ ያለ አዮና አይነግሥም የሚለው ነው።

የዳል ርያዳን ነገር ካነሣን ዳናድን ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። በአርጋይል፣ ረግረጋማ ሜዳ መካከል ብቻውን ብድግ ያለ አለታማ ጉብታ ነው፤ በጫፉ አካባቢ በአለቱ ላይ የሰው እግር ቅርጽ ተፈልፍሏል። አዲሱ ንጉሥ እግሩን በዚያ አኑሮ ምድሩን ያገባ ነበር፣ ያም ባይሆን በቀድሞዎቹ ነገሥታት ዱካ እሄዳለሁ ብሎ ይምል ነበር ተብሎ ይታመናል። አሁን የሚረገጠው ዋናውን ለመጠበቅ በላዩ የተቀመጠ ቅጂ ነው። እኔም እግሬን አስገብቼ ሞክሬዋለሁ፤ ዝናብ ያጠራቀመው ውኃ ስለነበረበት ካልሲዬ በስብሶ ተመለስኩ። በእግር ዱካ ላይ መንገሥ በዳናድ አላበቃም፤ የደሴቶቹ ጌቶች የሚባሉት የማክዶናልድ አለቆችም በአይላ ደሴት በፊንላጋን ሲሾሙ ነጭ ልብስ ለብሰው፣ ነጭ በትር ይዘው፣ እግር በተቀረጸበት ድንጋይ ላይ ይቆሙ ነበር።

ጠርጣሪው

ወደ ስኩን ድንጋይ ልመልሳችሁ። የያዕቆብ ትራስ መሆኑን ለመጣል የነገረ መለኮት ክርክር አያስፈልግም። የብሪታንያ ሥነ ምድር ተቋም ባለሙያዎች በ1990ዎቹ መርምረውት ድንጋዩ ከስኩን አካባቢ ከሚገኘው ጥንታዊ ቀይ አሸዋ ድንጋይ የተፈለጠ መሆኑን አረጋግጠዋል። ከቤቴል አልመጣም፤ ከታራም አልመጣም፤ በታራ ደግሞ ትክክለኛው ንጉሥ ሲነካው ይጮህ ነበር የሚባለው ድንጋይ ዛሬም በቦታው ቆሟል።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ኤድዋርድ የወሰደው እውነተኛው መንበር ነውን? ዋልተር ኦቭ ጊዝቦሮ የተባለው እንግሊዛዊ ዜና መዋዕል ጸሐፊ በ1292 ስለነገሠው ስለ ጆን ባሊዮል ንግሥ ሲተርክ ድንጋዩ እጅግ ትልቅ፣ እንደ ክብ ወንበር የተቦረቦረ ነበር ይላል። ዛሬ የምናየው አራት ማዕዘን ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው። የስኩን መነኮሳት ጦሩ ሲመጣ ዋናውን ደብቀው ለኤድዋርድ ሌላ ድንጋይ አስረከቡት የሚለውን ወሬ ስለዚህ በአንድ ጊዜ ሐሰት ማለት ይከብደኛል።

ብራናው

የመነኮሳቱ ብልሃት ወሬ ለጆሮ ይጥማል፤ ሁለት ነገር ግን ይቃወመዋል። አንደኛ፣ በ1328 ሰላም ሲወርድ ድንጋዩ ለስኮትላንድ እንዲመለስ የእንግሊዝ ንጉሥ ለዌስትሚንስተር አበምኔት በደብዳቤ አዝዞ ነበር፤ ለንደኖች ግን አንለቅም ብለው አስቀሩት። ስኮትላንዳውያን እውነተኛው በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ስለ ሐሰተኛው ባልተነጋገሩ። ሁለተኛ፣ ብሩስ በ1306፣ ልጁም በ1331 ሲነግሡ የተደበቀው ድንጋይ ብቅ አላለም። ከዚያ የበለጠ ድንጋይ የሚያስፈልግበት ቀን ከየት ይመጣል?

የጊዝቦሮው ጸሐፊ ያየው ምናልባት ድንጋዩን የያዘውን የእንጨት ወንበር ሊሆን ይችላል። ይህ ግምቴ ብቻ ነው።

ቀንዲል

ስለ 1306 ካነሣችሁ አይቀር ድንጋይ ሳይኖር እንዴት ተነገሠ የሚለውን እንይ፤ ለእኔ የዚህ ሁሉ ታሪክ ልቡ እርሱ ነው።

የስኮትላንድን ንጉሥ ወደ መንበሩ መርቶ የማስቀመጥ መብት የፋይፍ ኧርል፣ ማለትም የማክዳፍ ቤት ባላባት ነበር። መብቱ የተገኘው ማክዳፍ ንጉሥ ማክቤዝን ለመጣል ማልኮም 3ኛን ስለረዳው ነው ይባላል፤ ይህ ኋላ የተጻፈ ታሪክ ስለሆነ ማጣፈጫ ሊሆን ይችላል፤ መብቱ ራሱ ግን እውነተኛ ነበር። ጆን ባሊዮል በኅዳር 30 ቀን 1292 በድንጋዩ ላይ ሲነግሥ የፋይፉ ኧርል ሕፃን ስለነበር ጆን ደ ሴንት ጆን የተባለ የኤድዋርድ ሰው ተተክቶ አስቀመጠው። ባሊዮል በስኩን በዚያ ድንጋይ ላይ የነገሠ የመጨረሻው ሰው ነው፤ ከአራት ዓመት በኋላ ኤድዋርድ ዓርማውን ከልብሱ ላይ አስገፍፎ ከመንግሥቱ ሻረው። ሕዝቡ «ባዶ ካባ» ብሎ ስም ያወጣለት ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ብሩስን አስቡት። በየካቲት 10 ቀን 1306 ተቀናቃኙን ጆን ኮሚንን በደምፍሪስ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ገደለ። ደም ያፈሰሰው በቅዱስ ስፍራ ነው፤ ድንጋዩ ለንደን ነው፤ የፋይፉ ኧርል በኤድዋርድ እጅ ነው። ስድስት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ በመጋቢት 25 ቀን በስኩን ነገሠ። የግላስጎው ጳጳስ ሮበርት ዊሸርት አልባሳት አቀረበለት፤ ሰውሮ ያኖረውን የንጉሥ ሰንደቅም አወጣለት። ሁሉ ነገር ተፈጸመ፤ ከማክዳፍ እጅ በቀር።

ኢዛቤላ ማክዳፍ፣ የቡካን ባላባት ሚስት፣ አንድ ቀን ዘግይታ ደረሰች። ባሏ የተገደለው ኮሚን ዘመድና የኤድዋርድ ደጋፊ ነበር፤ እርሷ ግን የባሏን ወገን ትታ የአባቶቿን መብት ልትፈጽም መጣች። ብሩስ ነግሦ ሳለ በመጋቢት 27 ቀን፣ በሆሣዕና ዕለት፣ ሥርዓቱ እንደገና ተደረገ፤ እርሷም በመንበሩ አስቀመጠችው። አንድ ሰው በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት ጊዜ የነገሠው ልማዱ ዋዛ ስላልነበረ ነው። ኤድዋርድ በያዛት ጊዜ በበርዊክ ግንብ ውስጥ ከእንጨትና ከብረት በተሠራ ጎጆ አሰራት፤ በዚያም አራት ዓመት ያህል ቆየች። ዋዛ አለመሆኑን እርሱም ያውቅ ነበር።

እንግዲህ ጋሽ ብራናው፣ ለዚህ ነው አፈ ታሪኩን ወደ ጠበቃ ወረቀት ብቻ ሲያወርዱት የምከፋው። ለቢሴት ስኮታ መከራከሪያ ልትሆን ትችላለች፤ ኢዛቤላ ግን በጎጆ የታሰረችው ለክርክር አይደለም።

ብራናው

ተቀብያለሁ። በዚህ ላይ መልስ የለኝም።

ደብተራው

ከርእሱ ሳልወጣ አንዲት ነገር ጣልቃ ላስገባ። በዚሁ ፎርዱን በተባለው ሰው መጽሐፍ ውስጥ እኛም በስም ተጠቅሰናል። ሌላ ዜና መዋዕል ጠቅሶ እንዲህ ይላል፦ በዚያ ዘመን ኢትዮጵያውያን ግብፅን ከተራሮቹ እስከ ሜምፊስና እስከ ታላቁ ባሕር ድረስ አጥፍተዋት ስለነበር የፈርዖን ወዳጅ የሆነ ንጉሥ ልጁን ጌይተሎስን ከብዙ ሠራዊት ጋር ላከለት፤ ፈርዖንም ቃል ኪዳኑን ለማጽናት አንዲት ልጁን ስኮታን ዳረለት። እንደዚህ አተራረክ ከሆነ ኢትዮጵያውያን ባይዘምቱ ኖሮ ሠርጉም አይኖርም፤ ስኮትላንድም ስም ባላገኘች! በጥንት መጻሕፍት «ኢትዮጵያ» ሲባል ከግብፅ በስተደቡብ ያለው የኩሽ ምድር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳነብበው ፈገግ አልኩ።

ሰብለ ዘኤዲንብራ

አባ፣ የተገላቢጦሹም አለ። በ1770 ጎንደር የገባው ጄምስ ብሩስ ከሮበርት ብሩስ ወገን እወለዳለሁ እያለ የሚኮራ የስተርሊንግሻየር ባላባት ነበር። ከጎንደር ይዟቸው ከተመለሱት ብራናዎች መካከል ክብረ ነገሥት ይገኝበታል። የነገሥታቱን ዘር ከሰሎሞን የሚቆጥረውን መጽሐፍ ወደ አገሩ ያደረሰው የፈርዖንን ልጅ እናቱ ከሚያደርግ ሕዝብ የተወለደ ሰው ነበር። ሁለቱን አፈ ታሪኮች ማወዳደር ግን ሌላ ክር ይፈልጋል፤ እዚህ አንጀምረው።

ጠርጣሪው

አንጀምረው። ይልቅስ የመጨረሻው ንግሥ መቼ ነበር?

ቀንዲል

በስኮትላንድ ምድር የመጨረሻው በጥር 1 ቀን 1651 በስኩን የነገሠው ቻርልስ 2ኛ ነው፤ እንግዳ የሆነ ንግሥ ነበር። አባቱ በለንደን አንገቱን ከተቀላ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ የእንግሊዝ ሪፐብሊክ የጦር መሪ የሆነው የክሮምዌል ጦር ደቡቡን ይዟል። ዘውዱን የጫኑለት ፕሬስቢቴርያኖች ቅብዐቱን ከንቱ እምነት ነው ብለው አስቀሩት፤ ያን ያህል ዘመን የተለመነውን ቅብዐት ማለት ነው። በምትኩ ሮበርት ዳግላስ የተባለው ሰባኪ ረጅም ስብከት ሰበከ፤ ንጉሡ የማይወድደውን የሃይማኖት ቃል ኪዳን በመሐላ ተቀበለ። ዘውዱን በራሱ ላይ ያኖረው የአርጋይሉ ማርኲስ ነበር፤ ንጉሡ ዙፋኑን ከያዘ በኋላ በ1661 ይህንኑ ሰው በአገር ክህደት አስቀጣው፤ አንገቱ ተቀላ።

ነገር ግን በዚያ ሁሉ መካከል የዓርማ ሹሙ ተነሥቶ የነገሥታቱን ዘር እስከ መጀመሪያው ፈርጉስ ድረስ ወደ ኋላ ቆጠረ። ድንጋዩ ከሄደ 355 ዓመት ሆኖታል፤ ቅብዐቱ ተሽሯል፤ ቋንቋውም ጌይሊክ አልነበረም። የ1249 ሽማግሌ ሥራ ግን አልቀረም።

ሰብለ ዘኤዲንብራ

በዚያ ንግሥ ላይ ያገለገሉት ዘውድ፣ በትረ መንግሥትና ሰይፍ ዛሬም በኤዲንብራ ግንብ ይታያሉ። በትሩና ሰይፉ ከሮማ ፓፓዎች ለጄምስ 4ኛ የተላኩ ስጦታዎች ናቸው፤ ዘውዱን በአሁኑ መልኩ በ1540 የሠራው የኤዲንብራው አንጥረኛ ጆን ሞስማን ነው። ሦስቱ በአንድነት መጀመሪያ ያገለገሉት በ1543 የዘጠኝ ወር ሕፃን በነበረችው በሜሪ ንግሥ ነው፤ ዘውዱ በራሷ ላይ ሊቀመጥ አይችልም፤ ከራስዋ በላይ ያዙላት እንጂ።

ከ1651 በኋላ ክሮምዌል እንዳያቀልጣቸው በዳኖተር ግንብ ተደበቁ። ግንቡ ሲከበብ ክርስትያን ፍሌቸር የምትባል የቄስ ሚስት አወጣቻቸው። አወጣጧን ሁለት ዓይነት አድርገው ይተርኩታል፦ አንዱ በልብሷና በተልባ እግር ጭረት ነዶ ውስጥ ሰውራ በጠላት መካከል አለፈች ይላል፤ ሌላው በገመድ ወደ ባሕሩ ዳር ወርደው የባሕር አረም የምትለቅም ሠራተኛ ተቀበለቻቸው ይላል። በኪኔፍ ቤተ ክርስቲያን ወለል ሥር ተቀብረው እስከ 1660 ቆዩ። ሌሊት እየተነሡ ከእርጥበት እንዲድኑ እሳት እያሳዩ ያናፍሷቸው ነበር ይባላል። እንግዲህ የንግሡን ሥርዓት በማዳን ከኢዛቤላ በኋላ ሁለተኛዋ ሴት ክርስትያን መሆኗ ነው።

ጠርጣሪው

ድንጋዩስ? አሁን የት ነው? በገና ዕለት ተማሪዎች ሰረቁት የሚባለውስ እውነት ነው?

ሰብለ ዘኤዲንብራ

እውነት ነው። በ1950 የገና ሌሊት አራት የግላስጎው ተማሪዎች ዌስትሚንስተር ገብተው ከዙፋኑ ሥር ሲጎትቱት ለሁለት ተሰበረ። ግላስጎው ውስጥ አንድ ድንጋይ ጠራቢ ጠገነው፤ በሚያዝያ 1951 በአርብሮዝ ገዳም ፍርስራሽ ውስጥ፣ ያ የ1320 ደብዳቤ በወጣበት ስፍራ፣ ትተውት ሄዱ። ማንም አልተከሰሰም። በ1996፣ ከተወሰደ 700 ዓመት በሞላው ጊዜ፣ በኅዳር 30 ቀን በይፋ ወደ ኤዲንብራ ግንብ ገባ፤ ለንጉሥ ቻርልስ 3ኛ ንግሥ በግንቦት 2023 ለንደን ደርሶ ተመለሰ። ከዚያ ጉዞ በፊት በተደረገው ምርመራ የሮማ ቁጥር የሚመስሉ፣ ቀድሞ ማንም ያላስተዋላቸው ምልክቶች ተገኝተውበታል።

ከመጋቢት 2024 ወዲህ የሚገኘው በፐርዝ ሙዚየም ነው፤ ከስኩን ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ይርቃል። ሄጄ አይቼዋለሁ። በመስተዋት ውስጥ ስለሆነ መንካት አይቻልም። ከጎኔ ቆማ የነበረች ሕፃን እናቷን «ንጉሡ እዚህ ላይ ሲቀመጥ አይበርደውም ነበር?» ብላ ጠየቀቻት፤ እናትየዋ የሐር ጨርቁን ነገር ስለማታውቅ ዝም አለች።